በቀለም የተጻፈ አባት

አባቴን በቀለም የጻፍኩት ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። ያን ዕለት በሕይወት ነበር። ይህን ከእኔ በስተቀር በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እናንተም ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል። ምስጢር አፍኖ ይዞ መጨረሻ ላይ የሚያፈነዳ ሰው ትዕግሥት ያለው ነው፤ እኔ የለኝም።

ክፍሉ ያልኩት ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን አዳራሽ ነው። አዳራሽ የሚባለው ለክብር ያህል ነው እንጂ፣ ሃያ ሰው ከገባበት ሃያ አንደኛው በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጥበት ጠባብ ቤት ነበር። ከሁለቱ መብራቶች አንዱ እንደ ዝንብ እያዜመ ይርገበገባል። ቤቱ የኮላ፣ የአሮጌ ወረቀትና የረጠበ ካፖርት ሽታ አለው። መሃሉ ላይ ከተጣለ በር የተሠራ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ ሳይደፈን እንዳለ ነው፤ እኔ እርሳስ እየሰካሁበት እጫወት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን የትውልድ ሐረግ ማኅበር እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ሰባት ስምንት ሰው ይሆናሉ። በሳምንቱ ውስጥ ከአሮጌ መዝገብ የገለበጡትን፣ ከዘመድ ሳጥን ያወጡትን ፎቶግራፍ፣ ከመቃብር ድንጋይ ላይ ያነበቡትን ስም ይዘው ይመጡና እየተጋገዙ የየቤተሰቡን ሐረግ ትልልቅ ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። ወረቀቱን የሚያመጣው ልብስ ሰፊው ነው፤ ልብስ ከመቁረጡ በፊት ልኩን የሚስልበት ቡናማ ወረቀት ነበር። አንዳንዱ ቤተሰብ ከጀርባው የሱሪ እግር ተስሎበታል።

መሪያችን ጋሽ መዝገቡ ነበሩ። ስማቸው መዝገቡ አይደለም። መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ስለወጡ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። እውነተኛ ስማቸውን ያወቅኩት አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ ራሴ በቀለም ስጽፈው ነው።

የማኅበሩ ትልቁ ሕግ ይኸው ነበር፦ በሕይወት ያለ ሰው በእርሳስ ይጻፋል፤ የሞተ በቀለም።

"ሕያው ሰው አያስተማምንም" ይሉ ነበር ጋሽ መዝገቡ። "ያገባል፣ ይፈታል፣ አገር ይቀይራል፣ ስሙን ይለውጣል። ላጲስ ያስፈልገዋል። የሞተ ሰው ግን አመሉ አልቋል።"

አንድ ሰው ሲሞት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ እሱን ማስፈር ነው። ሁሉም ከወንበሩ ይነሣል፤ ጋሽ መዝገቡ በእርሳሱ ፊደል ላይ በጥቁር ቀለም ይሄዱበታል፤ ከሥሩ የሞተበትን ዓመት ይጽፋሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን አንዲት የሞቱ ሴትዮ ላይ ቀለም አንጠባጠቡና ብዕሩን ለእኔ ሰጡኝ። "ጽሕፈትሽ ያምራል፤ እጅሽም ገና አልፈራም" አሉኝ። ስምንት ዓመት ተኩል ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማኅበሩ ውስጥ ሰው የምቀብረው እኔ ሆንኩ። እንደ እኔ የኮራ ልጅ በዚያ ሰፈር አልነበረም።

እናቴ አንድም ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ጥግ ላይ ያለችውን ባለ መደገፊያ ወንበር ትይዛለች፤ ጫማዋን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ታወልቃለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሌሎቹ ስለ ቅድመ አያቶች ሲከራከሩ እሷ በሐሳብ ወደ ኋላ ሄዳ ከእነሱ ጋር የምትነጋገር ይመስለኝ ነበር። እንደ እሷ ዘሩን የሚወድ የለም እል ነበር። አሁን ግልጽ ነው፤ ትተኛ ነበር። ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ላይ ነበር የምትሠራው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ቆማ የሰው ሸሚዝ ትተኩሳለች። ማኅበሩ ወንበር አለው፣ ሻይ አለው፣ ልጇን ለሁለት ሰዓት የሚይዝላት ሰው አለው። ቅድመ አያቷ ማን እንደነበረ ደንታም አልነበራት።

"ዛሬ ማን ምን ይዞ መጣ?" ይላሉ ጋሽ መዝገቡ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

"እኔ ባለፈው እንዳያችሁኝ ነኝ" ይላል ልብስ ሰፊው። "የእኔ ዘር ሦስተኛው አያት ላይ ደርሶ ቀጥ ብሏል። ነዳጅ የጨረሰ ይመስለኛል።"

"ነዳጅ አይደለም የጨረሰው፣ ስም ነው!" ትለዋለች አዋላጇ። "ያንተ አያት ሚስት በቀየረ ቁጥር ስም ይቀይር ነበር፤ እናቴ ነግራኛለች። ሦስቱን ስም ለየብቻ ፈልግ፤ ሦስት አያት ታገኛለህ።"

"እትዬ፣ በሞተ ሰው አይቀለድም።"

"በእርሳስ ቢሆን ኖሮ አልቀልድም ነበር። በቀለም ከሆነ በኋላ ምን ያመጣብኛል?"

አዋላጇ ጡረታ ወጥታለች፤ ግማሹን ሰፈር፣ እኔንም ጨምሮ፣ በእጇ ተቀብላለች። ሰው ከሰው ስታስተዋውቅ "ይሄ በእግሩ የመጣው ነው" የምትል ሴት ናት። አፏ ክዳን የለውም። ክዳን አለመኖሩ ምን እንዳመጣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ አባቴ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስድስት ዓመቴ ላይ አንድ ጠዋት እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "አባትሽ መንገድ ላይ ሞቷል" አለችኝ።

"መኪናው ተገልብጦ ነው?"

"አዎ።"

"የት?"

"ሩቅ። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፤ ረፍዷል።"

መኪናው አልተገለበጠም። የጉዞው መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ቀን መንገድ ርቀት፣ አንድ ቤት ነበር፤ በቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ጊዜ ሄደና ቀረ። እናቴ በክፋት አልገደለችውም። ወራት ሙሉ፣ ከሥራ እግሯ አብጦ ስትመጣ፣ በር ላይ ቆሜ "ዛሬም አልመጣም?" እላት ነበር። አባቱ የሞተበት ልጅ ይህን አይጠይቅም። ሰውየውን የገደለው ድካም ነው።

አንድ ቅዳሜ ስብሰባው አልቆ ሰው ተበታትኗል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ልብስ ሰፊው የጣላቸውን ስፒሎች እለቅማለሁ። ጋሽ መዝገቡ የእኛን ወረቀት ዘርግተው ከላይ ሲያወሩ እሰማለሁ።

"ከልጅቷ በላይ፣ ከአንቺ ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነው።"

"ባዶ ይሁን" አለች እናቴ።

"ባዶ አይሆንም። ልጅ ከአንድ ወገን ብቻ አይበቅልም።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት። አይጨቅጭቁኝ።"

"አልጨቀጭቅሽም። ባዶ ቦታ ከተውሽ ግን ሰው የመሰለውን ይሞላበታል። እሱን ነው የምልሽ።"

ለእኔ የሚታየኝ የእናቴ እግር ብቻ ነበር። የአንደኛው ካልሲ ተረከዝ ሳስቶ ቆዳዋ ይታያል።

"እሺ ይጻፉት" አለች በመጨረሻ። "ግን በእርሳስ።"

"በእርሳስ ነዋ! በምን ልጽፈው ኖሯል?"

"እሷ ካየችው ምን እላታለሁ?"

"እውነቱን።"

"በየትኛው አቅሜ?"

"እሷ" ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም። ትልልቅ ሰዎች ሁልጊዜ ስለ አንዲት እሷ ያወራሉ። እኔ የገባኝ ይህ ነው፦ እናቴ ባሏን በጣም ስለምትወድ በቀለም ተጽፎ ማየት አትችልም፤ ጋሽ መዝገቡም አዝነውላት ሕጋቸውን ሰበሩላት። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አለቀስኩ። ልቤ በጣም ተነክቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ማኅበሩ ዐውደ ርእይ ለማዘጋጀት ተነሣ። የሁሉም ቤተሰብ ሐረግ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ እንዲያይ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጋሽ መዝገቡ በቀለም የሚጻፉትን የመጨረሻ ሦስት ስሞች ሰጥተውኝ፣ ከልብስ ሰፊው ጋር ምስማር ሊገዙ ወጡ። አዋላጇ በር ላይ ከአንድ ሰው ጋር ወሬ ይዛለች። እናቴ ወንበሯ ላይ ናት።

ሦስቱን ስሞች ጨረስኩ። ከዚያ የእኛን ወረቀት ዘረጋሁት።

አባቴ እዚያ ነበር፤ ግራጫ፣ ሳሳ ያለ፣ በጋሽ መዝገቡ የሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ። ነገ ከነገ ወዲያ የማላውቀው ሰው ሁሉ መጥቶ ያየዋል። በሩ ላይ ደግሞ ሕጉ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፋል። ሰዎቹ አባቴን በሕይወት ያለ ሊያደርጉት ነው። "ካለ ለምን አይመጣም?" ብለው ሊጠይቁ ነው። ይህ ነገር እንደገና ወራት ሙሉ በር ላይ ከመቆም እኩል ሆነብኝ። እናቴ የማትደፍረውን እኔ ልሥራላት፤ እንደ ስጦታም ይሁንላት አልኩ።

ብዕሩን ነከርኩ። ሹሉ ወረቀቱን ሲጭር የሚያሰማው ድምፅ አሁን ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። የእርሳሱ ፊደል ከእርጥቡ ቀለም ሥር ትንሽ ያብረቀርቅና ይጠፋል። አንዲት ፊደል እንኳ ከመስመር አልወጣችም። ከሥሩ ዓመቱን ጻፍኩ፤ ስድስት ዓመቴ የነበረበትን፣ እናቴ የነገረችኝን ዓመት። እፍ እያልኩ አደረቅኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ጠቀለልኩት።

በዐውደ ርእዩ ቀን ጋሽ መዝገቡ ከረባት አስረው በየሰዉ ፊት ንግግራቸውን በቃላቸው ያጠኑ ነበር፤ ወረቀቶቹን የሰቀለው ልብስ ሰፊው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው ወረቀቱ መጣመም አለመጣመሙን እንጂ የተጻፈውን አይደለም። የእኛ ከበሩ አጠገብ ተሰቀለ። እናቴ ከሥራ ዘግይታ መጥታ በቀጥታ ወደ ወንበሯ ሄደች። እኔ የልብስ ሰፊው የእንጨት ሜትር ተሰጥቶኝ ለእንግዳ የማስረዳ ሆንኩ። "በእርሳስ ያለው ያለ ነው፤ በቀለም ያለው የለም" እላለሁ፣ እየጠቆምኩ። ሰዎች ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አይገባኝም።

ከዚያ አይቻቸው የማላውቅ አንዲት አሮጊት ገቡ። ትከሻቸው ላይ አመድማ ሻርፕ ጣል አድርገዋል፤ ከዝናብ የመጡ ናቸውና ይንጠባጠባል። ሌላውን ግድግዳ ሁሉ ትተው እኔ ፊት ቆሙ። አዋላጇ ናት የጠራቻቸው፤ "ነይና የልጅ ልጅሽን እዪያት፤ ደግ አድርጌ ነው ያወጣኋት" ብላ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

"የኔ ልጅ፣ ይሄ የማን ነው?"

"የእኛ ነው።"

"ዓይኔ ደክሟል፤ መነጽሬንም ረስቼ ወጣሁ። እስቲ አንብቢልኝ። ከታች ያለችው ማን ናት?"

"እኔ ነኛ!"

ፈገግ አሉ። እጃቸውን ወደ ፀጉሬ ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡት። "አንቺ ነሽ። አውቄያለሁ። ከአንቺ በላይስ?"

"እናቴ።"

"ከእሷ ጎን?"

"አባቴ" አልኩና ስሙን ከነአባቱ አነበብኩላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወሬ የሚሸሽጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በር ላይ ስለ እርሳስና ስለ ቀለም ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እሱ በምንድን ነው የተጻፈው?"

ቀኑን ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

"በቀለም" አልኩ። "ራሴ ነኝ የጻፍኩት።"

ሜትሩን ከእጄ ወስደው እንደ ምርኩዝ ተደገፉት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ "ልጄን! ልጄን!" እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሰው ሁሉ ከየግድግዳው ወደ እኛ ዞረ።

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ለአባቴ ያለቀሰ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ ፊትሽን ታጠቢ ነው ያለችኝ። በመጨረሻ አንድ ሰው በወጉ አለቀሰለት፤ እሱም የገዛ እናቱ፤ ያም በእኔ ጽሕፈት ምክንያት። ብዕሩን እንኳ ላሳያቸው አማረኝ።

እናቴ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

"እማማ! እማማ፣ ይስሙኝ። አልሞተም።"

"በቀለም ነው! ልጅቷ ነገረችኝ!"

"ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው። ልጅዎ አልሞተም። ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ደብዳቤው ቤት አለ።"

ለቅሷቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። "መቼ ነው የጻፈልሽ?"

"መንፈቅ ይሆነዋል።"

"መንፈቅ! እኔ እናቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ሳልሰማ፣ አንቺ መንፈቅ ሙሉ..." የእናቴን እጅጌ ጨምድደው ያዙ። "ወይስ ልታባብይኝ ነው? የምታባብይኝ ከሆነ ዛሬውኑ ይውጣልኝ። ማይልኝ!"

እናቴ ቀና አለች። ከሰው ሁሉ መሃል ፈልጋ አየችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ የከበደውን ዕቃ መሬት ሊያስቀምጥ እንዳለ ሰው። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

"እሷ ትሙት" አለች። "በሕይወት አለ።"

አሮጊቷ እጅጌዋን ለቀቁ። አዋላጇ ውሃ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊው ወረቀታችንን ከግድግዳው አወረደ። ጋሽ መዝገቡ ንግግራቸውን ሳያደርጉ ቀሩ።

እኔ ሁሉም ነገር ገብቶኛል። እናቴ ለአንዲት ምስኪን አሮጊት አዝና ዋሸች። ጥሩ ሥራ ነው፤ አልተቃወምኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የከበደኝ፤ በውሸት የማለችው በእኔ ነው። ስለዚህ መሞቴ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅኩ። ጠዋት ጠዋት ምላሴን በመስታወት አያለሁ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጄን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ልቤ እየመታ መሆኑን እከታተላለሁ፤ መምህሩ "ምን ያሳክክሻል?" አለኝ። እናቴን መጠየቅ አልቻልኩም፤ መዋሸቷን እንዳወቅኩባት ታውቅብኛለች፤ ታፍራለች። ሐሙስ ዕለት አዋላጇን መንገድ ላይ አገኘኋት።

"እትዬ፣ ሰው በውሸት ከማለ፣ የተማለበት ሰው በስንት ቀን ይሞታል?"

"ማን ምሎብሽ ነው?"

"ማንም።"

"እንግዲያው አትሞቺም። እኔ በአራት ልጆቼ እየማልኩ ነው ያሳደግኳቸው፤ ይኸው አራቱም ከእኔ ወፍረው ይሄዳሉ።"

ግማሽ ያህል ተጽናናሁ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ አልሞትኩም። ጋሽ መዝገቡ የእኛን ወረቀት ዘርግተው ይጠብቁኛል ብዬ ነበር፤ ቀደም ብለው ጨርሰዋል። ከተመሳሳይ ወረቀት ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው በአባቴ ስም ላይ በኮላ ለጥፈውበታል፤ በላዩም ስሙን በእርሳስ ጽፈዋል። ዓመት የለውም።

"ለምን?" አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። "እማማ እኮ ሄደዋል! አሁን ማን ያየዋል?"

"ማንም ባያየውም" አሉ። "በዚህ ጠረጴዛ ላይ ማንም ሳይሞት በቀለም አይጻፍም።"

እሳቸውም ከእናቴ ጋር ለአሮጊቷ ሲሉ መዋሸታቸውን ተረዳሁ። ግን ማኅበራቸው ውስጥ፣ መዝገብ ላይ! በጣም ናቅኳቸው። እሳቸው የሚሉት እውነት፣ በቀጥታ ለእኔ የተነገረ፣ ፊት ለፊት ነበር። አልሰማሁትም።

ከመነሣቴ በፊት የራሴን ስም አየሁት። በእርሳስ ነው፤ ደብዘዝ ብሏል። እርሳስ ተቀብዬ በላዩ ላይ ደግሜ ጻፍኩበት፤ ጠበቅ አድርጌ።

ከዚያ በኋላ አያቴ በወር አንድ ጊዜ ይመጡ ነበር። እናቴ የደብዳቤውን ፖስታ ሰጥታቸው አድራሻውን አግኝተዋል። ከረሜላ ይሰጡኝና "አባትሽ ደህና ነው፤ ሰላም ይልሻል" ይሉኛል። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቅንቄ "እሺ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ። እናቴ ከካውያ ጠረጴዛዋ ቀና ብላ ታየኛለች። ለእሳቸው እንዳዘነች ልጅ አድርጌ ነበር የማየው ራሴን። አንድ ቀን እንዲያውም "ይህን ያህል ደህና ከሆነማ እሰይ" አልኩና ለእናቴ ጠቀስኳት። እናቴ አልሳቀችም።

አሥር ዓመት እንዲህ አለፈ። አያቴ በዚያው መሃል ሞቱ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ለዕረፍት ቤት የመጣሁ ቀን እናቴ የጎረቤት መጋረጃ እየተኮሰች ነበር። ካውያው በእርጥብ ጨርቁ ላይ ሲያልፍ ቸስ ይላል።

"አባትሽ ደውሎ ነበር" አለች፣ ዓይኗን ከመጋረጃው ሳታነሣ።

"የቱ አባቴ?"

"ስንት አለሽ?"

"አንድ። የሞተ።"

ካውያውን አቆመችው። ስታቆመው እንኳ መጋረጃው እንዳይቃጠል ወደ ማስቀመጫው አሳርፋ ነው።

"ያን ቀን ነገርኩሽ እኮ" አለች። "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። በአንቺ ምዬ።"

"ለእሳቸው ነው የነገርሽው! የዋሸሽላቸው መስሎኝ..."

"እኔ ለአንቺም የነገርኩ መስሎኝ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ምንም ስላልጠየቅሽኝ፣ ገብቷት ይቅር ብላኛለች አልኩ።" ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አሥር ዓመት ሙሉ ይቅር የተባልኩ ሰው ሆኜ ስኖር!"

አልተቃቀፍንም። እንደዚያ ዓይነት ሰዎች አይደለንም። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛ ዓመቴ "ማስረጃን እንዴት እንመዝናለን" የሚል ፈተና ላይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘሁ ተማሪ ነበርኩ። መጋረጃውን አንዱን ጫፍ ይዤላት አጣጠፍን።

አባቴን ሁለት ጊዜ አገኘሁት። ወፍራም፣ ትሑት፣ እጁን የት እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰውዬ ነበር። የትኛው መንገድ እንደተጠገነና የትኛው እንደፈረሰ ነገረኝ። ስለ ሌላ ነገር እንዲነግረኝ ጠብቄ ነበር፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ባለፈው ወር አንድ ድምፁን የማላውቀው ወጣት ደወለና "አባታችን አርፏል" አለኝ። "አባታችን" ማለቱ አናደደኝ። ግን ልክ ነው።

እናቴ ስነግራት "ነገ ቅዳሜ ነው" ብቻ አለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ጫማዋን ስትጠርግ አየኋት።

አዳራሹ አልተለወጠም። የሚያዜመው መብራት ተቀይሮ ሌላኛው ማዜም ጀምሯል። መሪው አሁን ልብስ ሰፊው ነው፤ ዘሩ ሦስተኛው አያት ላይ እንደቆመ አለ። አዋላጇ ዘጠናዎቹ ውስጥ ናት፤ በእርሳስ። "ይቺን እኔ ነኝ ያወጣኋት" አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳታውቅ።

ወረቀታችንን ዘረጉት። ቁራጩ ቢጫ ሆኗል፤ የጋሽ መዝገቡ የሚንቀጠቀጥ እርሳስ በላዩ አለ። ብዕር ሰጡኝ። በቁራጩ ላይ በቀለም ልሄድበት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ" አለች። "ካውያ አለህ?" አለችው ልብስ ሰፊውን።

ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቁ አስመጣላት። ሻርፗን ቁራጩ ላይ አነጠፈች፤ ካውያውን ምራቅ በነካ ጣቷ ሞከረችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንዴ ብቻ፣ አሳለፈችበት። የኮላው ሽታ ተነሣ። ጫፉን በጥፍሯ ያዝ አድርጋ ላጠችው። አንድ ቦታ እንኳ አልተቀደደም።

ከሥሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጽሕፈት ወጣ፤ ጥቁር፣ የተጠነቀቀ፣ አንዲት ፊደል ከመስመር ያልወጣች። የሚሠራ ሥራ አልነበረም። ድሮ ተሠርቷል።

ሁሉም እንደ ሕጉ ብድግ አሉ። አዋላጇ እንኳ በሁለት ሰው ተደግፋ ተነሣች። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ መነጽሩን ገፋ አደረገ።

"ዓመቱ ግን ልክ አይደለም" አለ። "ሃያ ዓመት ይሳሳታል። ይታረም።"

እናቴ ወደ ጥጉ ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አወለቀች። ዓይኗን ጨፈነች።

"ልክ ነው" አለች። "ተወው።"